ከሦስተኛ ፎቅ መነሣት

አውሮፕላንን እኔ ከወለሉ ነው የማውቀው።
ስመጣም ወለሉ ላይ ነበር፣ ወንበሩ ሁሉ ተነቅሎ፣
የማላውቀው ልጅ ክንዴ ላይ፣ እስክናርፍ ተንጠልጥሎ።
ኋላም ያው ወለል ሆነ እንጀራዬ፦
ማስቲካ ከምንጣፍ ስፍቅ፣ አንድ እግር ካልሲ ስለቅም፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በሌሊት ፈረቃ ስደክም።

አብራሪዎቹ ክፍል፣ ሲፈቀድልኝ ገብቼ፣
መስተዋቱን ስወለውል፣ ትንፋሼን እንኳ ገትቼ፣
«ምንም እንዳትነኪ!» ይለኛል አለቃዬ ከበር።
እኔም አልነካሁም። ዐይኔ ግን ይነካ ነበር።

ጡረታ ስወጣ ሰጡኝ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣
አንድ ኬክም፣ ስሜን አሳስተው የጻፉበት።

በማግሥቱ ሄድሁ፣ ገበያ ዳር ግሪሻ ሱቅ፤
«ኮምፒውተር ልገጥም ነው» አልሁት። እሱም ሳይሥቅ፣
«ለልጅ ልጅሽ?» «ለራሴ።» «ለምንሽ?» «ልበርበት።»
እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ ካርቶን ላይ ደመረበት።
ዋናው ቦርድ፣ ሣጥኑ፣ ራሙ ሠላሳ ሁለት ጊጋ፣
የግራፊክስ ካርዱ ብቻ፣ የሁለት ወር ኪራይ ዋጋ!
«ያገለገለ ይበቃኛል፤ እኔም ያገለገልሁ ነኝ።»
ያኔ ሣቀ። መቶ ሰቅል ቀነሰልኝ።

ሰንበት እንደ ወጣ ማታ፣ ዕቃው ጠረጴዛ ሞልቶ፣
የእህቴ ልጅ ናዳቭ መጣ፣ መፍቻውን በኪሱ ከቶ።
«ብረት ንኪ መጀመሪያ፤ እጅሽ መብረቅ ይዟል» አለኝ።
ቧንቧውን ጨበጥሁ። ስንት ዘመን «አትንኪ» ብቻ ሲሉኝ፣
«ንኪ» የሚለኝ ሰው መጣ፣ በስልሳ አምስት ዓመቴ!
«ግን እግሮቹ እንደ ሽፋሽፍት ናቸው፣ ቀስ በይ አክስቴ።»
ምስር የምታህል ቅባት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ጠብ አድርገን፣
ማራገቢያውን ጫንንበት፤ የተረፈውን በአልኮል ጠርገን።

ቁልፉን ተጫንሁ። ጭጭ።
ደግሜ ተጫንሁ። ጭጭ።
ናዳቭ ስልኩን ይበረብራል፣ ግንባሩ በላብ ርሶ።
ሣጥኑን ወለል ላይ አውርጄ፣ ተንበረከክሁ እንደ ድሮው፣
የእጅ ባትሪዬ በጥርሴ፤ የጠፋ ነገር ቤቱ እዚያ ነው።
አንዲት ባለስምንት ጥርስ ገመድ፣ ግማሽ ብቻ ነክሳ!
በአውራ ጣቴ ገፋሁና፣ «ቀጭ» አለች አፏን መልሳ።
ማራገቢያው ነፍስ ዘራ።

መሪውን ግሪሻ መረቀልኝ፣ እጀታው በፕላስተር ታስሮ፤
ጨዋታው ሌሊቱን ሙሉ ወረደ፣ እስኪጮህ የጎረቤት ዶሮ።

ከሎድ ተነሣሁ፤ ያፋ ባሕር ውስጥ ሰጠምሁ።
ደግሜ ተነሣሁ፤ ራምላ፣ ስሚንቶ ፋብሪካው ላይ ተከሰከስሁ።
ማንም አልሞተ። ማንም አልጮኸ።
«እንደገና?» አለኝ ስክሪኑ።
አለቃዬ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

በአራተኛው ጎማዬን አጥፌ፣ ክንፌ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤
ሎድን ከላይ አየኋት፣ በውሸት ፀሐይ ልትነጋ።
ሰፈሬን ፈለግሁ። ያው የባቡር ሐዲድ፣ ያው መንገድ፤
የእኔ ፎቅ ግን ግራጫ ሣጥን፣ ያለ መስኮት፣ ያለ ልብስ ማስጫ ገመድ።
ቤቴ ተቀምጬ ቤቴን ዞርሁት፣ ክንፌን ዘንበል አድርጌ፣
እኔን ሰገነቱ ላይ፣ ልብስ ሳሰጣ ፈልጌ።

ያኔ እውነተኛው በጣሪያችን አለፈ፤ ብርጭቆው ሁሉ ተንጫጫ።
አሁን ያርፋል፤ ያልጋነሽ ትገባለች፤ ባልዲዋ የእኔ፣ ጓንቷ ቢጫ።
ለእሷ ስል በዝግታ ወረድሁ፣ አፍንጫውን ሳላናውጥ፣
አንድ ሰው እንዳያስመልስ፣ አንድ ኩባያ እንዳይገለበጥ።

ሞተሩን አጠፋሁ።
ናዳቭ፣ ብቸኛው ተሳፋሪዬ፣ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤
አንድ እግር ካልሲው ወልቆ፣ ወንበሬ ሥር ወድቋል።
ላነሣው ጎንበስ አልሁ፣ እጄ ከመንገድ ተመለሰ።
ይቅር።
ፈረቃዬ አይደለም።